አሚር ኑር እና የጀጎል ግንብ

ጀጎል የግንብ ስም ነው። ዛሬ ግን ግንቡን ብቻ ሳይሆን በግንቡ ውስጥ የተቀመጠውን አሮጌውን የሐረርን ከተማ በሙሉ የሚጠራ ሆኗል፤ ከተማው ከነመስጊዶቹና ከነጠባብ መንገዶቹ ለዘመናችን የደረሰው በግንቡ ጥላ ሥር ነውና ስሙ ይገባዋል። ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሱት በጦር አዛዥነታቸው፣ ይልቁንም ዐፄ ገላውዴዎስ በወደቁበት ጦርነት ድል አድራጊ በመሆናቸው ነው። የግንባታና የምሕንድስና ባለሙያ ግን የእኚህን ሰው ሕይወት ከሌላ ወገን ሊመለከተው ይገባል። በጦር ሜዳ ያገኙት ድል ወራት ሳይቆይ ከእጃቸው ሲያመልጥ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አስደርድረው ያቆሙት ሥራ ከ450 ዓመት በላይ ጸንቷል።

ሐረር የአዳል መንግሥት መቀመጫ የሆነችው ሡልጣን አቡበከር እ.ኤ.አ. በ1520 ከደከር ተነሥተው ወደዚያ በተዛወሩ ጊዜ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ሽምብራ ኩሬ ላይ ድል አደረጉ፤ ከዚያም ደጋውን ለ14 ዓመት ያህል ሲወጉ ቆይተው በየካቲት ወር 1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ወደቁ። ሠራዊታቸው ተበተነ። ባለቤታቸው ባቲ ድል ወንበራ ከቀሩት ጥቂት ተከታዮች ጋር ወደ ሐረር ሲመለሱ፣ ልጃቸው መሐመድ በምርኮ ቀረ። እኚህ ሴት ለአዳል ታሪክ ከብዙ የጦር አለቆች የበለጠ ሚና ነበራቸው። ልጃቸው የተለቀቀው በየመን በቱርኮች እጅ ከነበሩት ከዐፄ ገላውዴዎስ ወንድም ከሚናስ ጋር በተደረገ የምርኮኛ ልውውጥ ሲሆን፣ ለዚህም ውል መሳካት ባቲ ብርቱ ድርሻ እንደ ነበራቸው ይታወቃል።

ኑር ያደጉት በዚህ የጦርነት ዘመን ነው። አባታቸው ሙጃሂድ በኢማሙ ሠራዊት ውስጥ ከታወቁት የጦር አለቆች አንዱ ነበሩ፤ ኑር ራሳቸውም የኢማሙ የእኅት ልጅ እንደ ሆኑ ይነገራል። እ.ኤ.አ. ከ1550 ወዲህ የሐረር አሚር ሆነው የከተማውን አስተዳደር ያዙ፤ ባቲ ድል ወንበራንም አገቡ። ትውፊቱ እንደሚለው፣ ባቲ ጋብቻውን የተቀበሉት ኑር የኢማሙን ደም እንዲመልሱ ቃል አስገብተው ነው። ለዚህም ይመስላል አሚሩ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ጦር በማደራጀትና በባሌና በሐድያ በኩል በመዝመት ያሳለፉት።

ቃላቸውን የፈጸሙት መጋቢት 27 ቀን 1551 ዓ.ም. ነበር። ጊዜው የሕማማት ሳምንት ነው። አሚር ኑር ወደ ፈጠጋር ዘልቀው ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ገጠሙ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያ ቀን በጦር ሜዳ ወደቁ። ከኢማሙ ሞት 16 ዓመት በኋላ የተገኘ ድል ስለ ነበር፣ የአገራቸው ሰዎች ለኑር የሁለተኛው ድል ባለቤት የሚል ስም አወጡላቸው።

ይሁንና አሚሩ በፈጠጋር ሳሉ ሐረር ጠባቂ አልነበራትም። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ሐመልማል ሌላ ጦር ይዘው ወደ ከተማይቱ ገሠገሡ፤ ከጥንታዊው የወላስማ ዘር የመጨረሻው ሡልጣን በረካትም ከተማቸውን ሲከላከሉ ተገደሉ። ሁለት ጦር አንዱ ሌላውን ሳያገኝ አንዱ የሌላውን አገር የመታበት ይህ ዘመቻ ለማንም የሚበጅ አልነበረም። አሚር ኑር ድል አድርገው ሲመለሱ ደግሞ በመንገድ ላይ ያልጠበቁት ጦር ቆያቸው። በዚያ ዘመን የኦሮሞ የመስሌ ገዳ በሥልጣን ላይ ነበር፤ አባ ባሕርይ ከ30 ዓመት በኋላ ገደማ እንደ ጻፉት፣ በጦርነት ጊዜ በፈረስና በበቅሎ መቀመጥን የጀመረው ይኸው ትውልድ ነው። ሐዘሎ በተባለው ተራራ ላይ በተደረገው ውጊያ አሚሩ ተሸነፉ፤ ከሠራዊታቸውም እጅግ ብዙው አለቀ። አባ ባሕርይ ይህን እልቂት ከሌሎቹ ሁሉ ለይተው መዝግበውታል።

እንግዲህ በዚያው በአንድ ዓመት ውስጥ የአሚሩ ጦር ንጉሠ ነገሥት ጣለ፣ ከተማቸው ተደፈረች፣ ሠራዊታቸው ተደመሰሰ። ከዚህ በኋላ ዘምቶ መመለስ የማይቻል ነገር ሆነ፤ የቀረው መንገድ ከተማይቱን መያዝና ማስከበር ብቻ ነበር። የጀጎል ግንብ የተሠራው በአሚር ኑር የግዛት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1551 እስከ 1568 ባሉት ዓመታት ውስጥ ነው። አብዛኛው ትረካ ሥራውን ከሐዘሎ ሽንፈት ጋር ያያይዘዋል፤ ይህም ከነገሩ አካሄድ ጋር የሚስማማ ነው። ሠራዊት የሌለው ከተማ በጥቂት ሰው ሊጠበቅ የሚችለው በግንብ ነው። የሚፈራውም ጠላት በፈረስ የሚመጣ፣ ጦርና ጋሻ የያዘ እንጂ መድፍ የሚጎትት አልነበረም። ከዚህም የተነሣ አሚሩ ወፍራም ምሽግ ሳይሆን ፈረስ የማይዘለው፣ በተወሰኑ በሮች ብቻ የሚታለፍ ረዥም ዙሪያ ግንብ አሠሩ። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በጥር ወር 1847 ዓ.ም. ለአሥር ቀን በሐረር የተቀመጠው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ግንቡ መድፍን የማያውቅ ሥራ መሆኑን በማናናቅ መልክ ጽፏል። ነገር ግን ግንብ የሚመዘነው በተሠራለት ጉዳይ ነው፤ በዚያ በኩል ደግሞ ሥራው የጎደለው ነገር አልነበረም።

የግንቡ ዙሪያ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል፣ ቁመቱም አራት ሜትር ገደማ ነው። በውስጡ 48 ሄክታር መሬት ይገኛል። የከተማው ሰዎች ርዝመቱ 6,666 ክንድ ነው፣ ቁጥሩም የቁርኣንን አንቀጾች ይወክላል ይላሉ፤ አንዱ ክንድ ግማሽ ሜትር ቢባል 3,333 ሜትር ስለሚሆን ትውፊቱ ከቀያሽ ልኬት እምብዛም አይርቅም። አምስቱ በሮችም የእስልምናን አምስት መሠረቶች ያሳስባሉ ይባላል። በሰሜን ፈላና፣ በምሥራቅ ኤረር፣ በደቡብ በኩል ሰንጋና ቡዳ፣ በምዕራብ ሸዋ በር ናቸው፤ በሐረሪ ቋንቋ ደግሞ አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ በድሪ በሪና አስማዲን በሪ ይባላሉ። ለመኪና መግቢያ የሆነው ስድስተኛው የሐረር በር የተከፈተው በቅርቡ ዘመን ነው።

ግንቡ የተሠራው ሐሺ ከሚባለው የአካባቢው ድንጋይ ነው። ማያያዣው ጭቃ ነው፤ በድንጋዩ ረድፎች መካከልም አግድም እንጨት ገብቶበታል። ጭቃ ጫናን በመጠኑ ይችላል፤ ሲስቡት ግን ወዲያው ይለያያል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ግንብ ውስጥ ድንጋዮቹን አጥብቆ የሚይዛቸው የራሳቸው ክብደት ነው፤ እንጨቱ ደግሞ አንዱ ክፍል ሲሰጥም ሌላው እንዳይከተለው ርዝመቱን አስተሳስሮ ያቆየዋል። አሠሪውና ግንበኞቹ ይህን የተረዱት በስሌት አልነበረም። የኃይሎች አደማመር ሕግ ገና አልተጻፈምና።

የፍላንድሩ ተወላጅ ሲሞን ስቴቪን በሰያፍ ወለል ላይ የሚንጠለጠሉ 14 ኳሶች ያሉበትን ሰንሰለት አስቦ፣ ሦስት ኃይሎች ሚዛን የሚጠብቁት በሦስት ማዕዘን ጎኖች ሲመሰሉ መሆኑን ያሳየበት መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1586 ነው፤ አሚር ኑር ካረፉ 18 ዓመት ሆኗቸው ነበር። አይዛክ ኒውተንና ፈረንሳዊው ፒዬር ቫሪኞን ደንቡን በግልጽ ያስቀመጡት በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1687 ነው። አፈር በግንብ ላይ የሚያሳርፈውን ግፊት በስሌት የመረመረው ሻርል ኩሎም ደግሞ በማርቲኒክ ደሴት ምሽግ ሲያሠራ የቆየ የጦር መሐንዲስ ነበር፤ ጥናቱን ለፓሪስ አካዳሚ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1773 ነው። የጀጎል ግንብ በዚያን ጊዜ ሁለት መቶ ክረምት አልፎበታል።

የአሚሩ ሥራ ለምን እንደ ቆመ፣ በምንስ ሊወድቅ እንደሚችል ለመረዳት እነዚህ ሊቃውንት የተዉልንን መሣሪያ በግንቡ ላይ ማዋል ይጠቅማል። ኃይል መጠን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫም ስላለው እንደ እህል ሚዛን አይደመርም። ሦስት ኩንታልና አራት ኩንታል በአንድ ሚዛን ላይ ሰባት ናቸው፤ ሦስትና አራት የሆኑ ሁለት ኃይሎች ግን በቀጥተኛ ማዕዘን ሲገናኙ ውጤታቸው አምስት ነው፤ አቅጣጫውም ከሁለቱ መካከል ይውላል። በግንብ ላይ ይህን የመሰለ ግንኙነት ዘወትር አለ። ክብደት ቁልቁል ይጫናል፤ ጀጎል በተዳፋት ኮረብታ ላይ የተቀመጠ በመሆኑ ደግሞ በላይኛው ወገን የተጠራቀመው አፈር ግንቡን ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሜትር ርዝመት ያለው የግንብ ቁራጭ እንውሰድ፤ ቁመቱ 4 ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሜትር፣ የአንድ ሜትር ኩብ ክብደቱ 20 ኪሎ ኒውተን ቢሆን፣ ጠቅላላ ክብደቱ 80 ኪሎ ኒውተን ነው። በስተኋላው 2 ሜትር ከፍታ ያለው ደረቅ አፈር ቢደገፍበት፣ የአፈሩ ክብደት በሜትር ኩብ 18 ኪሎ ኒውተን፣ የጎን ግፊቱም የዚያ ሢሶ ሆኖ ቢታሰብ፣ አግድም ግፊቱ 12 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። ይህም ከመሠረቱ 67 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያርፋል። ሁለቱ ኃይሎች በቬክተር ሲደመሩ ውጤት ኃይሉ 81 ኪሎ ኒውተን ያህል ነው፤ ከክብደቱ እምብዛም አይበልጥም። አስፈላጊው ነገር መጠኑ ሳይሆን የውጤት ኃይሉ መሥመር መሠረቱን የሚያገኝበት ቦታ ነው፤ በዚህ ስሌት ከመካከሉ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይርቃል። መሥመሩ በመካከለኛው ሢሶ ውስጥ፣ ማለትም ከመካከል በሁለቱም ወገን 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ባለው ክልል ውስጥ እስከ ዋለ ድረስ መሠረቱ በሙሉ እንደ ተጫነ ይኖራል፤ ጭቃውም የሚስበው አያገኝም። ግንቡ ደኅና ነው ማለት ነው።

አሁን ያው አፈር ዝናብ ጠጥቶ ውኃው መውጫ ቢያጣ ምን ይሆናል? ውኃ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚገፋ እንደ አፈሩ ሢሶ አይባልለትም። በ2 ሜትር ከፍታ ላይ የውኃው ግፊት ብቻ 20 ኪሎ ኒውተን ያህል ይሆናል፤ በውኃ ውስጥ ክብደቱ የቀለለው አፈር 5 ኪሎ ኒውተን ተኩል ያህል ሲጨምርበት ጠቅላላው 25 ይደርሳል። ውጤት ኃይሉ ከ81 ወደ 84 ኪሎ ኒውተን ቢያድግ ነው፤ መጠኑን ብቻ የተመለከተ ሰው ምንም አልተለወጠም ሊል ይችላል። መሥመሩ ግን ከ10 ወደ 21 ሳንቲ ሜትር ይሸሻል፤ ከመካከለኛው ሢሶ ወጥቷል። በዚህ ጊዜ በኋላ በኩል 13 ሳንቲ ሜትር ያህሉ የመሠረቱ ወርድ ጫና አጥቶ ይከፈታል፤ ጭቃው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ተጨማሪ ውኃ ይገባል። የአፈሩ ክምር 3 ሜትር ሆኖ በውኃ ቢሞላ ደግሞ ግፊቱ 56 ኪሎ ኒውተን ስለሚሆን መሥመሩ ከመካከል 70 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ግንቡ ወደ ውጭ ያለው 50 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ግንብ ይገለበጣል።

በዚህ አንጻር ሲታይ በጀጎል ግንብ ግርጌ በየቦታው የተተዉት ቀዳዳዎች ዋና ነገር ናቸው። የከተማው ሰዎች ወራባ ኑዱል፣ ማለትም የጅብ ቀዳዳ ይሏቸዋል። ማታ ማታ ጅቦች በነዚህ ገብተው የከተማውን ጥራጊ በልተው ይወጣሉ፤ ሐረር ከጅብ ጋር ያላት ሰላም በዓለም የታወቀ ስለ ሆነ ጎብኚ ሁሉ የሚያደንቀው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ቀዳዳዎቹ የክረምቱንም ጎርፍ ያስወጣሉ። ጅቡን የሚያስገባ ቀዳዳ ከግንቡ ጀርባ ውኃ እንዳይቆም ስላደረገ፣ የውጤት ኃይሉን መሥመር በመካከለኛው ሢሶ ውስጥ ጠብቆታል። በየዘመኑ ግንቡን ለማደስ የሚሰማራ ባለሙያ ሁሉ ሊጠነቀቅበት የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ቀዳዳውን ለጽዳት ሲባል መድፈን፣ ወይም በጭቃ የተያያዘውን ድንጋይ በሲሚንቶ ልስን መሸፈን ለዓይን ያማረ ሥራ ይመስላል፤ ድንጋዩና ጭቃው ይተነፍሱት የነበረውን እርጥበት ግን ወደ ውስጥ ያፍነዋል። እድሳቱ በተፈጸመ በጥቂት ክረምት ውስጥ የሚያብጥ ግንብ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ሐሺ፣ ጭቃና እንጨት ዛሬም በአካባቢው ይገኛሉ፤ በነዚሁ መጠገን ድካም ቢኖረውም የአሠሪውን አሳብ አያፈርስም።

ወደ አሚሩ እንመለስ። ግንቡ ሲሠራ ሐረር በደስታ ላይ አልነበረችም። ከሐዘሎ በኋላ እርሻው ጠፍ ሆኖ ብርቱ ረኃብ ገባ፤ ረኃቡንም ወረርሽኝ ተከተለው። ከየአካባቢው የሸሸ ሕዝብ ወደ ከተማይቱ ይጎርፍ ስለ ነበር፣ አሚሩ የሚመግቡት አፍ ሲበዛ የሚያሠማሩት ጉልበትም በዝቶ ነበር ለማለት ይቻላል። የሚበላ በታጣበት ዘመን ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ግንብ ማሠራት ቀላል ትእዛዝ አይደለም፤ የአሚሩ ጽናት ከጦር ሜዳ ይልቅ በዚህ ላይ ይታያል። አሚር ኑር እ.ኤ.አ. በ1567 ወይም 1568፣ በእስልምና አቆጣጠር በ975 ዓመተ ሒጅራ፣ በዚያው ወረርሽኝ አረፉ። የተቀበሩትም በግንቡ ውስጥ ነው። መቃብራቸው ወደ ላይ የሾለ አረንጓዴ ጉልላት ያለው ሲሆን እስከ ዛሬ ይጎበኛል፤ ሐረሮች ከከተማይቱ ወልዮች እንደ አንዱ ያከብሯቸዋል።

ከሳቸው በኋላ የመጣው አገዛዝ ደካማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1577 የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ አውሳ ተዛወረ፤ ሐረርም ለጊዜው የበታች ሆና ቀረች። እ.ኤ.አ. በ1647 ዓሊ ኢብን ዳውድ የራሷን አሚርነት ሲያቋቁሙ የተደገፉበት ኃይል ይኸው ግንብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ በሮቹ ሌሊት እየተዘጉ ጠዋት ይከፈቱ ነበር። በመጀመሪያ ጠላትን ለመከላከል የቆመው ግንብ ውሎ አድሮ የገበያ በር ሆነ፤ በዙሪያው ያለው የኦሮሞ ገበሬ ቡናውንና እህሉን ይዞ በኤረርና በፈላና ይገባል፤ ጨውና ጨርቅ ገዝቶ ይመለሳል። አሚሮቹም ከአካባቢው ባላባቶች ጋር በጋብቻ ይተሳሰሩ ነበር። አሚር ኑር የፈሩት ሕዝብ የከተማይቱ መጋቢ መሆኑ የታሪክ አካሄድ ነው።

ግንቡ በጦር ኃይል ተንዶ አያውቅም ለማለት ይቻላል፤ ከተማይቱ በተያዘችባቸው ጊዜያት ነገሩ የተቆረጠው ከግንቡ ውጭ ነበር። በጥቅምት ወር 1868 ዓ.ም. የግብፁ ረዑፍ ፓሻ የገባው አሚሩ እጃቸውን ስለ ሰጡ ነው፤ ግብፆችም እስከ 1877 ዓ.ም. ቆይተው ወጡ። የመጨረሻው አሚር ዐብዱላሂ ደግሞ በግንቡ ውስጥ ሆነው መከላከልን ትተው ታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋር በሜዳ ገጠሙ፤ በዚያም ተሸነፉ። ምኒልክ ከተማይቱን ሲረከቡ ግንቡ እንደ ቆመ ነበር። በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ሐረርን በቦምብ ሲደበድቡ የግንብ መከላከያነት ዘመን ጨርሶ አለፈ።

በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጀጎልን ከነግንቡ በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ አስፍሮታል። በዚህ ጊዜ በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና ከመቶ የሚበልጡ የወልይ መቃብሮች መኖራቸው ተቆጥሯል፤ ከነዚህም አንዱ የአሚር ኑር ነው። ክረምት ሲገባ ውኃው አሁንም በተዳፋቱ ወርዶ ከግንቡ ግርጌ ይደርሳል፤ ቀዳዳው ክፍት በሆነበት ቦታ ሁሉ በወራባ ኑዱል ፈስሶ ወደ ኤረር ሸለቆ ይወርዳል።